የታሰረ ቤተሰብዎ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ካልቀረበ፦ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ደረጃ በደረጃ

አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ይዘው ወደ ፍርድ ቤት ከሚሄዱ ቤተሰቦች ብዙዎቹ ዳኛ ፊት ሳይደርሱ ከሬጅስትራር መስኮት ይመለሳሉ። እኔ ባየኋቸው ጉዳዮች ሁሉ የሚደጋገሙት ጉድለቶች ሦስት ናቸው፤ ሰውየው የተያዘበት ሰዓት በትክክል አልተጻፈም፣ ማን እንደያዘው ተለይቶ አልተጠቀሰም፣ ሕጉ የሚጠይቀው ቃለ መሐላ አልተያያዘም። ሦስቱም በመጀመሪያው ቀን በደብተርና በእስክሪብቶ ሊሟሉ የሚችሉ ነገሮች ስለሆኑ፣ ይህ መመሪያ ከሁሉም በላይ የሚያተኩረው ከዝግጅቱ ላይ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት፦ አቤቱታው ለእርስዎ ጉዳይ ይሠራል?

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 3 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። በዚህ ጊዜ ውስጥ የማይቆጠረው ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ አግባብ ባለው ግምት የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ ብቻ ነው። ንዑስ አንቀጽ 4 ደግሞ በጊዜው ያልቀረበ ሰው አካሉ ነፃ እንዲወጣ ፍርድ ቤትን የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። አቤቱታው የሚቀርብበት ሥርዓት በ1958 ዓ.ም. በታወጀው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 177 እስከ 179 ተደንግጓል። ጉዳዩ የእስር ሆኖ ሳለ አቤቱታው በፍትሐ ብሔር መዝገብ መከፈቱ ብዙ ሰው ያደናግራል፤ ወደ ወንጀል መዝገብ ቤት ሄደው ቀን እንዳያባክኑ።

የታሰረው ሰው ፍርድ ቤት ቀርቦ ዳኛ ጊዜ ቀጠሮ (ፖሊስ ምርመራውን እስኪያጣራ በእስር የሚቆይበት ቀን) ከፈቀደበት ይህ አቤቱታ ብዙ አይረዳዎትም። እስሩ ያኔ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ላይ የቆመ ስለሚሆን መንገዱ ጊዜ ቀጠሮውን መቃወምና ዋስትና መጠየቅ ነው፤ በቀጥታ ወደ ደረጃ 8 ይለፉ።

ደረጃ 1፦ ሰዓቱን ይጻፉ

1. አዲስ ደብተር ይክፈቱና የመጀመሪያው ገጽ ላይ የተያዘበትን ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ይጻፉ። የዓይን ምስክሮችን ሙሉ ስምና ስልክ ከሥሩ ያስፍሩ።

2. የሌሊት እስር ከሆነ ቀኑን በሁለት መንገድ ይግለጹ። «ቅዳሜ ሌሊት 8 ሰዓት» ብቻ ብለው ከጻፉ አንዱ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ሌላው ለእሑድ አጥቢያ ብሎ ይረዳዋል፤ በመካከሉ አንድ ሙሉ ቀን ይጠፋል። «ለእሑድ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ብለው ወሩንና ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጨምሩ። በዚህ ምሳሌ 48 ሰዓቱ የሚሞላው ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት የፍርድ ቤቱ በር ሲከፈት አቤቱታው ተጽፎ በእጅዎ መሆን አለበት።

3. ወረቀቱን የሚያዘጋጅልዎት በውጭ አገር ያለ ዘመድ ከሆነ ሰዓቱን ራስዎ መልሰው ያረጋግጡ። በፈረንጅ አቆጣጠር ሌሊት 2 ሰዓት የሚባለው በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ሳይቀየር «2 ሰዓት» ተብሎ ከገባ የስድስት ሰዓት ስሕተት ይፈጠራል፣ የፖሊስ ተወካይም ችሎት ላይ መጀመሪያ የሚያነሳው ይህንኑ ነው።

4. የያዙት ሰዎች የደንብ ልብስ ለብሰው እንደነበር፣ ምን ዓይነት ተሽከርካሪ እንደያዙ፣ የሰሌዳ ቁጥሩን፣ የፍርድ ቤት ማዘዣ አሳይተው እንደሆነ፣ ምን ዕቃ እንደወሰዱ ይመዝግቡ። ቤት ተበርብሮ ከሆነ የብርበራውን ሰዓትም ይጻፉ፤ በ1954 ዓ.ም. የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 33 መሠረት ፍርድ ቤቱ በተለየ ሁኔታ ካላዘዘ በቀር የብርበራ ማዘዣ የሚፈጸመው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የማያውቁትን በግምት አይሙሉ። የሰሌዳውን ሁለት ቁጥር ብቻ ካስታወሱ ሁለቱን ብቻ ይጻፉ። ቃለ መሐላ የሚፈርሙበት ጉዳይ ስለሆነ አንድ የተሳሳተ ዝርዝር እውነቱንም ያጠራጥራል።

ደረጃ 2፦ ያለበትን ቦታ ይፈልጉ

1. ከሰፈሩ ፖሊስ ጣቢያ ይጀምሩ፣ ቀጥሎ ወደ ክፍለ ከተማው ወይም ወደ ወረዳው ፖሊስ መምሪያ ይሂዱ። አዲስ አበባ ከሆኑ የአዲስ አበባ ፖሊስ ኮሚሽንንና የፌዴራል ፖሊስ የወንጀል ምርመራ ክፍልን ሳይጠይቁ አይለፉ። ሁለቱ የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ስለሆኑ የአንዱ «የለም» ለሌላው አይሠራም።

2. ሲጠይቁ ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ በወረቀት ጽፈው ያሳዩ። የቤት ስሙን ወይም ቅጽል ስሙን አይርሱ፤ በመዝገብ ላይ የሰፈረው ታሳሪው በዚያች ሌሊት አፉ ላይ የመጣለት ስም ሊሆን ይችላል። «ጸጋዬ» እና «ፀጋዬ»፣ «ኃይሉ» እና «ሃይሉ» በኮምፒውተር ሲፈለጉ አንዱ ሌላውን እንደማያመጣም ያስታውሱ።

3. በእያንዳንዱ ጣቢያ ያነጋገሩትን ሰው ስም ወይም ማዕረግ፣ ሰዓቱንና የተሰጠዎትን መልስ እዚያው በር ላይ ሳሉ በደብተሩ ይጻፉ። ስሙን ሊነግርዎት ካልፈቀደ መልኩን ሳይሆን የቆመበትን ቦታና የሥራ ድርሻውን ይጻፉ፤ «በዋናው በር የነበረ ተረኛ ሃምሳ አለቃ» በቂ ነው።

4. ብቻዎን አይሂዱ። አብሮዎት የሚሄደው ሰው በኋላ ምስክር ይሆናል፤ ስለዚህ ከተቻለ የቤተሰብ አባል ያልሆነ ጎረቤት ይምረጡ።

ደረጃው ካልተሳካ፦ ሁሉም ጣቢያ «የለም» ካለ የጠየቁባቸው ጣቢያዎች ዝርዝር ራሱ ማስረጃ ነው። ፍለጋው አልቆ እስኪታወቅ ብለው 48 ሰዓቱን አያሳልፉ፤ ይዞታል ብለው የሚያምኑበትን አካል ተጠሪ (አቤቱታው የሚቀርብበት ወገን) አድርገው ማመልከት ይችላሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ በጣቢያው ዙሪያ «እኔ አስፈታዋለሁ» የሚል ደላላ ይቀርብዎታል። ገንዘቡን መብላቱ ሳያንስ «ነገ ይወጣል» እያለ ቀን ያስቆጥርብዎታል፣ እርስዎንም በጉቦ ሊያስጠይቅዎት ይችላል።

ደረጃ 3፦ በእጃቸው መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ይያዙ

ተጠሪው ችሎት ቀርቦ «የተባለውን ሰው አልያዝኩም» ቢል ፍርድ ቤቱ ከእርስዎ የሚጠብቀው ተቃራኒውን የሚያሳይ ነገር ነው። ከዚህ መመሪያ ሁሉ እኔ በጣም የምደክምለት ክፍል ይህ ነው፣ ምክንያቱም በራሴ ቤት ደርሷል።

ታናሽ ወንድሜ በተያዘ በማግስቱ አንድ ጣቢያ «እዚህ የለም» አለን። እናቴ ግን ስንቁን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ከሰዓት በኋላ አንድ ወጣት ፖሊስ የምሳ ዕቃውን ተቀብሎ ገባ፣ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማም ባዶውን ከአንድ ፌስታል ጋር መለሰላት። ፌስታሉ ውስጥ ወንድሜ የተያዘ ዕለት ለብሶት የነበረው ሰማያዊ ሸሚዝ ነበር፤ ሦስተኛው ቁልፉ ወልቆ እናቴ በነጭ ቁልፍ የተካችው። ያን ሸሚዝ ልታጥበው ስትል እህቴ ከእጇ ነጠቀቻት። ሳይታጠብ በፌስታሉ እንዳለ አስቀመጥነው፣ የተመለሰበትን ቀንና ሰዓት ጻፍን፣ እናቴም በቃለ መሐላዋ አስፈረችው። «የለም» የሚለው መልስ ችሎት ላይ አልተደገመም።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ።

1. ስንቅ በየቀኑ ይውሰዱ። ምግቡን ከተቀበሉ የተቀበለውን ሰውና ሰዓቱን፣ ዕቃው ሲመለስም እንዲሁ ይመዝግቡ።

2. የሚላክ ልብስ ዝርዝር በሁለት ቅጂ ጽፈው ይያዙ። የሚመለስ ልብስ ሳይታጠብ ይቀመጥ፤ ደም ወይም የተቀደደ ነገር ካለበት ደግሞ ፎቶግራፍ ያንሱት።

3. ከዚያው ጣቢያ የተፈታ ሰው አይቶት ከሆነ ለመመስከር ፈቃደኛ መሆኑን ይጠይቁት። የሚፈራ ከሆነ አያስገድዱት፤ የተፈታ ሰው ደግሞ የመታሰር ሥጋት አለበት።

4. በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 መሠረት የተያዘ ሰው በትዳር ጓደኛው ወይም ጓደኛው፣ በቅርብ ዘመዶቹ፣ በወዳጆቹ፣ በሃይማኖት አማካሪው፣ በሐኪሙና በጠበቃው የመጎብኘት መብት አለው። እንዲያገኙት ከፈቀዱ ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቁት፤ ፍርድ ቤት ቀርበሃል ወይ፣ ምን ተብለህ ነው የተያዝከው፣ ጤናህ እንዴት ነው። ስለ ጉዳዩ ፍሬ ነገር አያንሱ፤ ጠባቂው እየሰማ ነው።

ደረጃ 4፦ 48 ሰዓቱ እስኪሞላ የሚሠራ

ጠበቃ ይፈልጉ። አቅም ከሌለዎት በፍርድ ቤቶች ያለውን የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤትና ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶችን ይጠይቁ። ጠበቃ ባያገኙም አቤቱታውን ራስዎ ማቅረብ ይችላሉ።

በዚሁ ጊዜ ለጣቢያው ኃላፊ አጭር ደብዳቤ ያስገቡ፤ ስሙን፣ የተያዘበትን ቀንና ሰዓት፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ የሚል ጥያቄዎን ይዞ ከግማሽ ገጽ አይብለጥ። በሁለት ቅጂ ይሁን፣ አንዱ ላይ ተቀብለናል ብለው እንዲፈርሙና ማኅተም እንዲያደርጉ ይጠይቁ። አንቀበልም ካሉ ከእርስዎ ጋር የመጣው ሰው በራስዎ ቅጂ ጀርባ ላይ «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት ቀርቦ አልተቀበሉም» ብሎ ይፈርም።

ቅዳሜና እሑድ፣ የበዓል ቀናትም ከ48 ሰዓቱ አይቀነሱም። «ሰኞ ይቀርባል» የሚለው መልስ የተለመደ ቢሆንም ሕገ መንግሥቱ ከጉዞ ጊዜ ሌላ የሚቀነስ ነገር አላስቀመጠም። በአቅራቢያዎ ያለው ፍርድ ቤት በሳምንቱ መጨረሻ ተረኛ ችሎት ያለው መሆኑን ዓርብ ከሰዓት በፊት ያጣሩ።

ደረጃ 5፦ አቤቱታውንና ቃለ መሐላውን ያዘጋጁ

አቤቱታው ከአንድ ገጽ ተኩል እንዳይበልጥ። የሰውየውን መልካምነት፣ የቤተሰቡን ችግር፣ የፖለቲካውን ሁኔታ ይተዉት፤ ዳኛው የሚያየው ሰውየው ተይዟል ወይ፣ ማን ይዞታል፣ በሕጋዊ ትእዛዝ ነው ወይ የሚለውን ነው። በሚከተለው አቀማመጥ ይጻፉት።

ቀን፦ ______
ለ ______ ፍርድ ቤት ______ ምድብ ችሎት
አመልካች፦ (የታሳሪው ሙሉ ስም)፤ ስለ እርሱ ሆኖ ያመለከተው (የእርስዎ ሙሉ ስም፣ ዝምድናና አድራሻ)
ተጠሪዎች፦ 1ኛ (የጣቢያው ወይም የምርመራ ክፍሉ ኃላፊ)፣ 2ኛ (ጣቢያውን የሚያስተዳድረው ፖሊስ ኮሚሽን)
ጉዳዩ፦ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(4) እና በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 177 መሠረት የቀረበ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ
1. አመልካች በ(ቀን) ከ(ሰዓት) በ(ቦታ) በተጠሪዎች አባላት ተይዟል።
2. ይህ አቤቱታ እስከተጻፈበት ጊዜ ድረስ (የሰዓት ብዛት) ያለፈ ሲሆን ፍርድ ቤት አልቀረበም።
3. አመልካች በ(ቦታ) እንደሚገኝ የሚያሳዩት (ስንቅ የተቀበሉበት ቀን፣ የተመለሰ ዕቃ፣ ያየው ሰው) ናቸው።
4. ስለዚህ ተጠሪዎች አመልካችን ይዘው ቀርበው የያዙበትን ምክንያት እንዲያስረዱ፣ እስሩ ሕጋዊ ሆኖ ካልተገኘም አመልካች ወዲያውኑ እንዲለቀቅ እንዲታዘዝልኝ አመለክታለሁ።
ማስረጃዎች፦ (የሰነድና የሰው ምስክሮች ዝርዝር)
አቤቱታው በእውነት የቀረበ መሆኑን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት አረጋግጣለሁ። ፊርማ ______

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው የመጨረሻዋ መስመር ላይ ነው። በቁጥር 92 የሚደረገው ማረጋገጫ ቃለ መሐላውን አይተካም። ቁጥር 177 ከአቤቱታው ጋር የተለየ ቃለ መሐላ እንዲያያዝ ይጠይቃል፤ በዚህም ቃለ መሐላ ሰውየውን የያዘው ማን እንደሆነ፣ እንዴትና የት እንደተያዘ፣ ስለ ነገሩ ሊመሰክሩ የሚችሉ ሰዎች ካሉም ስማቸው ይገለጻል። ታሳሪው ራሱ መማል ስለማይችል እርስዎ ስለ እርሱ ሆነው ይምላሉ፤ ያኔ «ታሳሪው በእስር ላይ በመሆኑ ቃለ መሐላውን ራሱ ሊሰጥ አልቻለም» የሚለው ዓረፍተ ነገር መግባቱን ያረጋግጡ። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር በመጉደሏ ብቻ መዝገብ ሳይከፈት ሲቀር አይቻለሁ።

ውክልና አምጡ ከተባሉም ይህንኑ ቁጥር ያሳዩ። የታሰረ ሰው ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዶ ውክልና ሊሰጥ እንደማይችል የታወቀ ነው፣ ሕጉም ሌላ ሰው ስለ እርሱ ቃለ መሐላ እንዲያቀርብ የፈቀደው ለዚህ ነው።

ተጠሪዎችን በተመለከተ ከአንድ በላይ መጥቀስ ይሻላል። ጣቢያው ብቻ ተጠሪ ከሆነ «ወደ ሌላ ክፍል አስተላልፈናል» ብሎ ይወጣል፤ ኮሚሽኑ አብሮ ከተጠራ ግን የተላለፈበትን ቦታ ማስረዳት ይኖርበታል።

ጉዳዩ ከአዲስ አበባ ውጭ ከሆነ አቤቱታው በክልሉ ፍርድ ቤት የሥራ ቋንቋ ይጻፍ። በኦሮሚያ ክልል በአፋን ኦሮሞ፣ በትግራይ በትግርኛ ማለት ነው፤ በአማርኛ የተጻፈው ሲተረጎም ቀን እንዳይሄድ ከመጀመሪያው አስተርጓሚ ያዘጋጁ።

ደረጃ 6፦ ያስገቡ፣ መጥሪያውንም ያድርሱ

1. የሥነ ሥርዓት ሕጉ አቤቱታው ለከፍተኛ ፍርድ ቤት እንደሚቀርብ ይናገራል፤ በአዲስ አበባ ግን የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ምድብ ችሎቶችም እንዲህ ያለውን አቤቱታ ሲመለከቱ ቆይተዋል። ስለዚህ ለየትኛው እንደሚቀርብ ከማተምዎ በፊት ሬጅስትራሩን ይጠይቁ፣ የፍርድ ቤቱን ስም የሚጽፉበት ቦታም እስከዚያ ባዶ ይሁን።

2. ለፍርድ ቤቱ አንድ፣ ለእያንዳንዱ ተጠሪ አንድ አንድ፣ ለራስዎ አንድ ቅጂ ያዘጋጁ። የመዝገብ ቁጥሩን ሳይይዙ ከመስኮቱ አይነሱ።

3. አቤቱታው አስቸኳይ መሆኑን በመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ ይጻፉ፣ በቃልም ይናገሩ። እንደ ተራ የፍትሐ ብሔር ክስ ለሳምንታት ቀጠሮ ከተሰጠው በዚያው ቀን ቀጠሮው እንዲያጥር የሚጠይቅ አጭር ማመልከቻ ያስገቡ። ቁጥር 178 ተጠሪው ታሳሪውን ይዞ እንዲቀርብ መጥሪያ እንዲወጣ የሚያዝ በመሆኑ ማመልከቻዎን እዚያ ላይ ያቁሙት።

4. መጥሪያውን ሲያደርሱ በቅጂው ላይ የተቀባዩን ስም፣ ፊርማ፣ ቀንና ማኅተም ያስደርጉ። መጥሪያው ላይ «ታሳሪውን ይዛችሁ ቅረቡ» የሚለው መኖሩን ከሬጅስትራር ቢሮ ሳይወጡ ያንብቡት፤ ካልተጻፈ ተጠሪው ወረቀት ብቻ ይዞ ይመጣል።

ደረጃው ካልተሳካ፦ መጥሪያውን አንቀበልም ካሉ አይጨቃጨቁ። ያነጋገሩትን ሰው፣ ሰዓቱንና ቃሉን ጽፈው በዚያው ቀን በቃለ መሐላ ለፍርድ ቤቱ ያሳውቁ፣ መጥሪያው በፍርድ ቤቱ በኩል እንዲደርስም ይጠይቁ።

ደረጃ 7፦ በችሎት

ጠዋት ከመጀመሪያዎቹ ጋር ይገኙ። ስምዎ ሲጠራ ከሌሉ መዝገቡ ሊዘጋ ይችላል። ከዚህ በኋላ ከአራቱ አንዱ ይገጥምዎታል።

ሀ. ተጠሪው አልቀረበም። መጥሪያው ስለመድረሱ የያዙትን ቅጂ ያሳዩ፣ ኃላፊው በግል ቀርቦ እንዲያስረዳ እንዲታዘዝ ይጠይቁ፣ ቀጣዩ ቀጠሮም በቀናት እንዲሆን አጥብቀው ይጠይቁ።

ለ. «አልያዝኩም» አለ። በቁጥር 179 መሠረት ፍርድ ቤቱ የአቤቱታውን እውነተኛነት ማጣራት ስላለበት ምስክሮችዎ እንዲሰሙ ይጠይቁ። ሸሚዙ፣ የስንቁ ምዝገባ፣ ተፈቺው ምስክር የሚያስፈልጉት እዚህ ላይ ነው። ክህደቱ በመዝገብ መስፈሩን ያረጋግጡ፤ ሰውየው በኋላ በዚያ ቦታ ቢገኝ ትልቅ ማስረጃ ይሆናል።

ሐ. «ዛሬ ጠዋት ሌላ ችሎት አቅርበን ጊዜ ቀጠሮ ተፈቅዶልናል» አለ። ከሁሉም የሚበዛው ይህ ነው፣ መጥሪያው ከደረሰ በኋላም በችኮላ ይደረጋል። መጀመሪያ የዚያን መዝገብ ቁጥርና የችሎቱን ስም ይጠይቁ፣ የተባለው ትእዛዝ በጽሑፍ እንዲቀርብም ያመልክቱ። ቀጥሎ ሰውየው ከ48 ሰዓት በላይ ሳይቀርብ መቆየቱ በመዝገቡ እንዲሰፍር ይጠይቁ። መዝገቡ ሊዘጋ ቢችል እንኳ የሰፈረው ነገር ለዋስትና ክርክሩም፣ በኋላ ለሚቀርብ የወንጀል አቤቱታም ይጠቅማል። ታሳሪውን ወዲያውኑ ከእስር ያወጣው መንገድ ይህ ባይሆንም፣ ከማይታወቅ ቦታ ወደ ዳኛ ዓይን አምጥቶታልና ድካምዎ ከንቱ እንዳይመስልዎት።

መ. እንዲለቀቅ ታዘዘ። ትእዛዙን በማኅተም ይዘው በዚያው ሰዓት ወደ ጣቢያው ይሂዱ።

ታሳሪው በችሎት ከቀረበና ከተመታ፣ ቁስሉን ለዳኛው በቀጥታ እንዲያሳይ፣ ያየውም በመዝገብ እንዲሰፍር፣ የሕክምና ምርመራ እንዲታዘዝለትም ይጠይቁ። እብጠትና ሰንበር በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ይጠፋሉ፤ «በሚቀጥለው ቀጠሮ እናነሳዋለን» አይበሉ። በማስገደድ የተገኘ የእምነት ቃል በአንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 5 መሠረት በማስረጃነት ተቀባይነት የለውም።

ደረጃ 8፦ ጊዜ ቀጠሮ፣ ዋስትናና መፍቻ

በወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 59 መሠረት ለምርመራ የሚሰጥ ጊዜ ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥም። በሽብር ወንጀል የተጠረጠረ ሰው በልዩ አዋጅ ስለሚታይ የቀጠሮው ርዝመት የተለየ ነው፤ ጠበቃዎን አስቀድመው ይጠይቁ። ፖሊስ ተጨማሪ ቀን በጠየቀ ቁጥር «ባለፈው በተሰጠው ጊዜ ምን ተሠራ፣ ምን ቀረ፣ የቀረውን ለመሥራት ሰውየው መታሰሩ ለምን ያስፈልጋል» የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች ለዳኛው ይቅረቡ። «ግብረ አበር እየፈለግን ነው» የሚለው መልስ ለሦስተኛ ጊዜ ሲደገም ያለፉትን ሁለት ቀጠሮዎች ትእዛዝ ከደብተርዎ ያንብቡ።

የዋስትና ማመልከቻ በጽሑፍ ይቀርባል፣ ፍርድ ቤቱም በቁጥር 66 መሠረት በ48 ሰዓት ውስጥ ይወስናል። ዋስትና የሚከለከልባቸው ምክንያቶች በቁጥር 67 ተዘርዝረዋል፤ ግዴታውን አክብሮ አይቀርብም፣ ሌላ ወንጀል ይፈጽማል፣ ምስክር ያባብላል ወይም ማስረጃ ያጠፋል የሚሉ ናቸው። ለየአንዳንዳቸው መልስ የሚሆን ሰነድ ያዘጋጁ፤ ለመጀመሪያው የመኖሪያ አድራሻና የሥራ ማስረጃ በቂ መነሻ ይሆናል። ከተከለከለ በቁጥር 75 መሠረት በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይባላል።

ዋስትና ከተፈቀደ ገንዘቡ በፍርድ ቤቱ ገንዘብ ያዥ በኩል ገብቶ ደረሰኝ ይያዛል፣ ከዚያ የመፍቻ ትእዛዝ ይጻፋል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የተፈቀደ ዋስትና በአንድ ፊርማ ጉድለት ወደ ሰኞ ይሻገራልና አንድ ሰው ገንዘቡን ይዞ ፍርድ ቤት፣ ሌላው ጣቢያው በር ላይ ይሁን።

ደረጃው ካልተሳካ፦ ጣቢያው መፍቻውን ተቀብሎ «ይግባኝ ጠይቀናል» ብሎ ካልለቀቀ «የእግድ ትእዛዝ ያሳዩኝ» ይበሉ። ይግባኝ መጠየቅ ብቻውን ትእዛዙን አያስቆምም፤ የሚያስቆመው የበላይ ፍርድ ቤት የሰጠው እግድ ነው። እግድ ካላሳዩ በማግስቱ ትእዛዙን ለሰጠው ችሎት ማመልከቻ ያስገቡ፣ የጣቢያው ኃላፊ ቀርቦ ለምን እንዳልፈጸመ እንዲያስረዳም ይጠይቁ። በር ላይ ለቀው እንደገና ከያዙት ደግሞ እንደ አዲስ እስር ይቁጠሩት፤ ሰዓቱን ጽፈው ከደረጃ 1 ይጀምሩ።

ደረጃ 9፦ ጎን ለጎን የሚገቡ አቤቱታዎች

ፍርድ ቤቱን ሳይተኩ ግፊት የሚጨምሩ መንገዶች አሉ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 210/1992 የተቋቋመ ሲሆን አቤቱታ በነፃ ይቀበላል፣ በቃልም በጽሑፍም ማቅረብ ይቻላል፣ ተበዳዩ ራሱ መሆንም አያስፈልግም። ኮሚሽኑ ማቆያ ቦታዎችን ስለሚጎበኝ ሰውየው ያለበትን ቦታ በትክክል መንገር ብዙ ይረዳል። የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ሥልጣን ያለው ፍትሕ ሚኒስቴርም የታሳሪዎችን አያያዝ በሚመለከት አቤቱታ ሊቀርብለት ይችላል።

ውጭ አገር ያለ ቤተሰብ የሚሠራው ሁለት ነገር አለ። የተባበሩት መንግሥታት የዘፈቀደ እስር የሥራ ቡድን የአገር ውስጥ መንገድ ሁሉ እንዲያልቅ ሳይጠይቅ ከቤተሰብ አቤቱታ ይቀበላል። ሰውየው ያለበት ከጠፋ በግዳጅ የተሰወሩ ሰዎችን ጉዳይ የሚመለከተው የሥራ ቡድን አለ፤ ከተሰወረ ሦስት ወር ያልሞላው ከሆነ በአስቸኳይ ሥርዓት ይታያል። ታሳሪው የውጭ ዜግነት ካለው ኤምባሲው እንዲያውቅ ወዲያውኑ ይደረግ።

የማኅበራዊ ሚዲያን ነገር በጥንቃቄ እንዲያዩት እለምናለሁ። ስምና ፎቶ መለጠፍ ሰውየው እንዳይሰወር የሚረዳበት ጊዜ አለ፤ ሆኖም ስለ ጉዳዩ ፍሬ ነገር፣ ስለ ምስክሮችና ስለ ዳኛው የሚጻፍ ማንኛውም ነገር በታሳሪው ላይ ሊመለስ ይችላል። የሚለጠፈው ስሙ፣ የተያዘበት ሰዓትና ቦታ፣ ፍርድ ቤት አለመቅረቡ ብቻ ይሁን።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲኖር

በአዋጁ ጊዜ አንቀጽ 19 ሊታገድ ስለሚችል አቤቱታው ሊገታ ይችላል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ እስከ ግንቦት 2016 ዓ.ም. በነበረው አዋጅ ታሳሪዎች ከአዲስ አበባ ርቆ በአፋር ክልል በሚገኘው አዋሽ አርባ ጭምር ተይዘው ነበር፤ ስንቅ ማድረስ ራሱ የአንድ ቀን መንገድ ሆኖ ነበር። ቢሆንም የአንቀጽ 18 ኢሰብዓዊ አያያዝ ክልከላ በአዋጅም አይታገድም። በአንቀጽ 93 መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ ያቋቁማል፣ ቦርዱም የታሰሩትን ሰዎች ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ ያደርጋል። ስሙን፣ ሰዓቱንና የተያዘበትን ቦታ የያዘ ደብዳቤ ለቦርዱ ያስገቡ፣ የተቀበሉበትን ቅጂ ይያዙ። አዋጁ ባበቃ ማግስት አቤቱታው ተዘጋጅቶ ይጠብቅ።

ከተፈታ በኋላ

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ ወደ ሐኪም ቤት ይውሰዱት፣ የሕክምና ማስረጃውንም ቀን ተጽፎበት ይቀበሉ። የተወሰዱ ዕቃዎችን በዝርዝር ያስመልሱ፤ ስልክ ካልተመለሰ «አልተመለሰም» የሚል ጽሑፍ ሳይኖር ባዶ የርክክብ ወረቀት ላይ አይፈርሙ። በሕገ ወጥ መንገድ ማሰር በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ቁጥር 423፣ በምርመራ ጊዜ መደብደብና ማሠቃየት ደግሞ በቁጥር 424 የሚያስቀጣ በመሆኑ ለዐቃቤ ሕግ ለማመልከት ቢወስኑ ደብተሩ፣ ቃለ መሐላው፣ የችሎቱ መዝገብና የሕክምና ማስረጃው በአንድ ላይ ያስፈልጋሉ። ከሁሉም ሁለት ሁለት ኮፒ አንሥተው አንዱን ከቤትዎ ውጭ ባለ ዘመድ ዘንድ ያስቀምጡ። የዋስትናውን ደረሰኝ ደግሞ ለብቻው ያኑሩት፤ ዋናው ደረሰኝ ከሌለ መዝገቡ ሲዘጋ ገንዘቡን ማስመለስ ሌላ ምልልስ ይሆናል።